የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ምንድን ነው? አባት ሊሆን ለተቃረበ ሰው

በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት የሚደረገው አልትራሳውንድ ሥራው ፎቶ ማንሳት አይደለም። ጽንሱ ማሕፀን ውስጥ መቀመጡን፣ ልቡ መምታቱን፣ ስንት ሳምንት እንደሆነው ይለያል፤ መንታ ከሆነም በዚህ ጊዜ ቢታወቅ ይመረጣል። ወንድ ይሁን ሴት ገና ስለማይታይ ባለሙያውን መጨቅጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ «6 ሳምንት ሆኗታል» ሲባል ጽንሱ ከተፈጠረ ገና 4 ሳምንት ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ባል «እኔ ያኔ የት ነበርኩ?» እያለ ከንቱ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

የመውለጃ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው፤ 9 ወር ከ10 ቀን ትደምራለህ። በመሀል ጳጉሜን ካለፈ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ ከ4 ቀን ይሆናል። የወር አበባዋ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከነበረ መውለጃዋ ሐምሌ 11 ነው። የመሣሪያው ወረቀት ግን በፈረንጅ ስለሚጽፍ ጁላይ 18 ቀን 2026 ይላል። ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ የኛን ቀን ሳይቀይሩ ለባለሙያው መናገር ሳምንቱን ያዛባል። የጀመረበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈህ ያዝ። ቀኑን ካላስታወሰች «ከፋሲካ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?»፣ «ረመዳን ገብቶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያስታውሳል።

መቼ ትሂዱ? ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። በ5ኛው ሳምንት የሄደ ሰው የሚያየው ከረጢት ብቻ ነው፤ የልብ ምት መታየት የሚጀምረው 6ኛው ሳምንት አካባቢ ሲሆን፣ በሆድ በኩል ሲታይ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። ከጭንቅላቱ እስከ መቀመጫው ያለው ርዝመት ከ7 ሚሊሜትር በታች ሆኖ የልብ ምት ካልታየ ጽንሱ ሞቷል አይባልም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። በአንድ ዕይታ «ባዶ ነው፣ ይጠረግ» ከተባለና ብዙ ደም ካልፈሰሳት፣ ድገሙልን ማለት መብታችሁ ነው። በ9 ሳምንት ርዝመቱ 23 ሚሊሜትር፣ በ12 ሳምንት 54 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ልኬት ዕድሜውን በጥቂት ቀናት ልዩነት ይናገራል፤ ወራቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ኋላ «ቀኗ አለፈ»፣ «ያለ ጊዜው መጣ» የሚባለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ስለሆነ የመጀመሪያው ወረቀት አይጣልም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት እንዲደረግ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መክሯል።

ወሎ ገጠር ያለ ሰው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። መሣሪያው እዚያ ከሌለ ሪፈር አጽፎ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ወልድያ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም፣ ቦሩ ሜዳ ወይም ደሴ፣ የቀረበውን። የጤና መድን ካላችሁ ያለ ሪፈር መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የግል ክሊኒኮች በክፍያ ያነሳሉ። ከመነሳትህ በፊት ደውል፤ ባለሙያው መኖሩን፣ መብራት መኖሩን፣ በየትኛው ቀን እንደሚያነሱ ጠይቅ። የባቲን መንገድ የምትይዙ ሰኞን ተዉት፤ ገበያ ነው፣ መኪናው ይጨናነቃል።

በሆድ በኩል የሚታየው ፊኛ ሲሞላ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ ውኃ ከአንድ ሰዓት በፊት ጠጥታ ሽንቷን ትይዛለች። ውኃውን ግን ከደረሳችሁ በኋላ ትጠጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሞላ ፊኛ፣ ያውም እያቅለሸለሻት መውጣት ቅጣት ነው። በብልት በኩል ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ሸንታ ትገባለች። ይህኛው ዘዴ ጽንሱን አይጎዳውም፣ ጠርቶ የሚታይበትም ነው፤ ባል ደንግጦ «አይሆንም» ባይል ይሻላል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። በአንድ ጎን የሚጠና የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ መዞርና ራስን መሳት፣ ደም መፍሰስ፤ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ፣ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ፣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ውኃ እንኳ አልረጋ ብሏት ሽንቷ ከጠቆረም «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» አይባልም፤ ግሉኮስ ያስፈልጋት ይሆናል።

በዚያው ጉዞ የደም ዓይነቷ፣ የደም ማነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፤ ኤች አይ ቪውን አንተም አብረህ ተመርመር። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ (ከደም ዓይነቱ ጎን የመቀነስ ምልክት ያለበት) ከሆነ ያንተም ይታይ። ያንተ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነቷ የጽንሱን ደም እንዳይዋጋ የሚከላከል ፀረ ዲ የሚባል መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል፤ በየቦታው ስለማይገኝ ከየት እንደሚገዛ ከወዲሁ ጠይቅ።