ትራምፕ ምንድን ነው? (የካርታውን ማለቴ ነው)

ጨዋታውን ስማር መጀመሪያ ቅስሜን የሰበረችው አንዲት ሁለት ቁጥር ናት። እጄ ላይ የሃርት ኤስ ነበረኝ። ከሃርት ከዚያ በላይ የለም፤ ደረቴን ነፍቼ ጣልኩት። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ፈገግ አለና ሁለት ቁጥር ስፔድ አስቀመጠበት። ከዚያ አራቱንም ካርታ ሰብስቦ ወደ ራሱ ሳበ። "ሁለት እንዴት ነው ኤስን የሚበላው?" ብዬ ተነሳሁ። "ስፔድ እኮ ትራምፕ ነው" አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ።

ትራምፕ ማለት ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ ተመርጦ በሌሎቹ ላይ ሲሾም ነው። ስፔድ ከተሾመ፣ ትንሿ ስፔድ የሃርትንም፣ የዳይመንድንም፣ የፍላወርንም ኤስ ትበላለች። ስፔድ ከስፔድ ሲገናኝ ግን እንደ ወትሮው ትልቁ ያሸንፋል።

ብዙ ጀማሪ ትርጉሙን እዚህ ድረስ ይዞ ይሄድና ይከስራል። እኔም አንዱ ነበርኩ። ትራምፕን በፈለጉበት ሰዓት መምዘዝ አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ዊስት፣ ብሪጅና ስፔድስ ባሉ ጨዋታዎች አራት ሰው ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት ያሉት አንድ ቡድን ናቸው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። አንዱ ይጥላል፣ ሌሎቹ በየተራ አንድ አንድ ይጥላሉ፣ ያሸነፈው አራቱን ይበላና ቀጣዩን ዙር ይጀምራል። በጠቅላላው 13 ዙር ማለት ነው። ታዲያ መጀመሪያ የተጣለው ሃርት ከሆነ፣ እጁ ላይ ሃርት ያለው ሁሉ ሃርት መጣል አለበት። ትራምፕ የሚፈቀደው ሃርት ላለቀበት ብቻ ነው። ለእሱም ቢሆን ግዴታ አይደለም፤ የማትረባ ዳይመንድ ጥሎ ማለፍ ይችላል።

ያ ሰውዬ ኤሴን የበላብኝ ሃርት ጭራሽ ስላልነበረው ነው። ማጣቱ ጠቀመው። አንዲት ሃርት ብትኖረው ኖሮ፣ ወዶ ሳይሆን በግዱ እሷን ጥሎልኝ ዙሩ የእኔ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው የለመዱ ተጫዋቾች ካርታ ሲታደላቸው ኤስና ኬ ቆጥረው የማያቆሙት። የትኛው ዓይነት እንደጎደላቸውም ያያሉ። አንድ ዓይነት ፈጽሞ ከሌላችሁና ጥቂት ትራምፕ ከያዛችሁ፣ እጃችሁ ከሚመስለው ይሻላል።

ይህ የገባኝ ቀን ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። የቡድን አጋሬ የዳይመንድ ኤስ ጣለ። እኔ ዳይመንድ የለኝም። ደስ ብሎኝ በትራምፕ መታሁት! የራሳችንን ዙር ራሴ በላሁ፤ አንድ ትራምፕም በከንቱ ሄደ። አጋሬ ምንም አላለም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ትራምፑን የሚወስነው እንደየጨዋታው ይለያያል። በዊስት መጨረሻ የታደለው ካርታ ይገለጣል፤ የእሱ ዓይነት ትራምፕ ይሆናል። በስፔድስ ሁልጊዜ ስፔድ ነው። በብሪጅ ግን ጨረታ አለ። ብዙ ዙር እንበላለን ብሎ የተወራረደው ቡድን ይመርጣል፤ ከፈለገም ያለ ትራምፕ ይጫወታል።

ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ "ድል" ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በተለመደው ካርታ ላይ ሌሎቹን የሚበሉ ልዩ ካርታዎች ተጨመሩ። ታሮ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ ለጥንቆላ ነው የምናውቃቸው እንጂ መጀመሪያ ተራ መጫወቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ኤሴ ልመለስ፤ ማዳኛ ነበረው። ከ13ቱ ትራምፕ እናንተና አጋራችሁ 8 አላችሁ እንበል። ባላጋራዎቹ ጋ 5 ቀርቷል። ብዙ ጊዜ፣ ከመቶ 68 ያህሉን፣ አንዱ ጋ 3 ሌላው ጋ 2 ሆኖ ይገኛል። ትልልቅ ትራምፖቻችሁን ሦስት ጊዜ ብትጥሉ ሕጉ እነሱንም ትራምፕ ያስጥላቸዋልና እጃቸው ይራቆታል። (በስፔድስ መጀመሪያ አንድ ሰው በስፔድ እስኪመታ ድረስ በስፔድ መጀመር ስለማይፈቀድ ይህ ብልሃት ወዲያው አይሠራም።) ከዚያ በኋላ የሃርት ኤሳችሁን ብትጥሉ ማንም አይነካውም።

የወጡትን ግን አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ አንድ ቀን አምስቱም ወጥተዋል ብዬ ኤሴን ጣልኩ። የወጡት አራት ነበሩ።