ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የምንረግማቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትልቅ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሳይበሳጭ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ወይ ሂሳብ ሳይከፍል ሹልክ ያለ ነው፣ ወይ ሰው አጅቦ የገባ ነው። የቀረነው አንድ ነገር እያጉረመረምን ነው የምንወጣው። ማጉረምረሙስ ደግ ነው፣ ይወጣልናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጣው ምንም ባላደረገን ነገር ላይ ነው። ኪሳችንን የሚያራቁተውን ደግሞ ፈገግ ብለንለት እናልፋለን። ደጋግመን ከምንሰማቸው ነገሮች የተወሰኑትን እንያቸው።

«እኔ የቆምኩበት ሰልፍ ሁሌ ቀርፋፋ ነው»

እርግማን የለባችሁም፤ ሂሳብ ነው። ሦስት ካሸሮች ጎን ለጎን እየሠሩ ነው እንበል። እናንተ አንዱ ጋ ቆማችኋል። የእናንተ ሰልፍ ከሦስቱ ፈጣኑ የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ ሁለቴ ከጎናችሁ ያለ አንዱ ይቀድማችኋል። ሰልፎቹ አምስት ከሆኑማ ከአምስት ጊዜ አራቴ። ላዩ ላይ ደግሞ የእኛ አስታዋሽነት ይጨመርበታል። ሰልፉ ቶሎ ያለቀበትን ቀን ማን ለማን ያወራል? አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ ከኋላችሁ መጥቶ፣ ቀድሟችሁ ከፍሎ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሲወጣ ግን መልኩ መቼም ከዓይናችሁ አይጠፋም።

የሰልፍ ነገር ራሱን የቻለ ሳይንስ አለው። የተጀመረው ደግሞ በስልክ ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሂሳብ ሰው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ደዋዮች ብዙ ሳይጠብቁ እንዲስተናገዱ ስንት መስመር ያስፈልጋል የሚለውን ሲያሰላ፣ በ1909 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ አንድ ረጅም ሰልፍ ለብዙ ካሸሮች የሚከፋፈልበት አሠራር ስታዩ «ይሄ ሁሉ ሰው!» ብላችሁ አትደንግጡ። ርዝመቱ ያስፈራል እንጂ ፍትሐዊው እሱ ነው። አንዱ ደንበኛ ቢንቀራፈፍ አንድ ካሸር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሌሎቹ ሰልፉን መብላታቸውን ይቀጥላሉ። አረንጓዴ ሹራቡም አይቀድማችሁም።

«ጋሪው ጢም ካለ ሰው ኋላ መቆም ሞኝነት ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አንድ ሰልፍ ላይ 40 ዕቃ የጫነ አንድ ሰው አለ። ሌላው ላይ አሥር አሥር ዕቃ የያዙ አራት ሰዎች ቆመዋል። የዕቃው ብዛት እኩል ነው። የካሸሯ እጅ ዕቃ ለማሳለፍ ሰከንዶች ይበቁታል። ጊዜውን የሚበላው የክፍያው ሥነ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ አንዴ ይፈጸማል፣ ሁለተኛው ላይ አራት ጊዜ።

ሥነ ሥርዓቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጁን አጣምሮ ሲያይ የቆየው ሰውዬ ሂሳቡ ሲነገረው ይደነግጣል። ክፍያ እንዳለ አሁን ገና የሰማ ይመስላል። ቦርሳ ይፈተሻል። ቁልፍ ይወጣል፣ መነጽር ይወጣል፣ የድሮ ደረሰኝ ይወጣል። ካርዱ ተገኝቶ ሲገባ የይለፍ ቁጥሩ ይጠፋል። በስልክ ይደወላል። «የማን ልደት ነበር ያደረግነው?»

ለዚህ ነው «ከ10 ዕቃ በታች» የሚለው ፈጣን መስመር ስሙን ያህል የማይፈጥነው። ዕቃው ጥቂት፣ ሥነ ሥርዓቱ ብዙ። ስድስት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይዞ «ይሄ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው» ብሎ ከሚከራከረው ሰው ጋር ሲሆን ደግሞ በቃ።

«ራስን ማስተናገጃው ማሽን ሌባ ነህ ይለኛል»

አይልም። ያለ ካሸር ራሳችን ዕቃ አሳልፈን የምንከፍልበት ይሄ ማሽን ስለ እናንተ ምንም አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ኪሎ ብቻ ነው። ዕቃ የምታስቀምጡበት ጠፍጣፋ ቦታ ሥር ሚዛን አለ። ባርኮዱን ስታሳዩት ማሽኑ የዚያን ዕቃ ክብደት ከመዝገቡ ያወጣና ሚዛኑ ላይ ያንኑ ያህል እስኪጨመር ይጠብቃል። ልጃችሁ ክርኑን ቢያሳርፍበት ክብደቱ ይበዛበታል። የራሳችሁን ዘንቢል ሳትነግሩት ብታስቀምጡ ግራ ይገባዋል። አንዲት ቀጭን ካርድ ብታስቀምጡ ደግሞ ሚዛኑ ሳያውቃት ሊቀር ይችላል፤ «ዕቃውን አስቀምጡ» ብሎ ግግም ይላል። ከዚያ ከራሳችሁ በላይ ቀይ መብራት ይበራል። ለማሽኖቹ ሁሉ የተመደበችው አንዲት ሠራተኛ እስክትደርስ ድረስ ሰው ሁሉ እናንተን ያያል። ማሽኑ ስለ ጥርጣሬ ባያውቅም ከኋላችሁ የቆሙት ሴትዮ ግን በደንብ ያውቃሉ።

«ቢያንስ ይፈጥናል» የሚለውም አያስኬድም። ካሸሯ ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ስትሠራ ትውላለች። የትኛው ዕቃ ባርኮዱ የት እንዳለ እጇ ያውቃል። እኛ ካርቶኑን ስድስቱንም ጎን እያገላበጥን እንፈልጋለን። እዚያ ያለው ሰልፍ የሚሮጠው ማሽኖቹ ብዙ ስለሆኑና አንድ ሰልፍ ስለሚጋሩ ነው። ኤርላንግን ማመስገን ነው።

«እግሩ የታመመ ጋሪ የሚደርሰኝ ለእኔ ብቻ ነው»

ደህናዎቹን ጋሪዎች ሰው ይዟቸው እየዞረ ነው። ሁለት እርምጃ ተገፍቶ «ውይ!» ተብሎ የተመለሰው ነው በር ላይ የሚጠብቃችሁ። ጎንበስ ብላችሁ የፊት ጎማውን እዩት። ዘንጉ ላይ ፀጉር፣ ክር፣ የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። ጎማው ከአስፋልት ጠርዝ ጋር ሲላተም፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሯል። የሚዞርበት ማያያዣ ሲላላ ደግሞ ግራ ቀኝ ይርገበገባል። የአውሮፕላን የፊት ጎማም ይሄ ጠባይ አለበት፤ መሐንዲሶች ማርገቢያ ይገጥሙለታል። ለጋሪ ግን ማን ይገጥምለታል? ፍጥነት ቀንሱለት፣ ጋብ ይላል። ግቢውን ልታልፉ ስትሉ ድርቅ ካለ ግን አልተበላሸም። አንዳንድ ቦታ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ምልክት እየላከ ጎማውን ይቆልፈዋል። ጋሪ ቤታቸው ድረስ የሚገፉ ሰዎች ስላሉ ነው።

መጠርጠር ያለበት ጎማው ሳይሆን ጋሪው ራሱ ነው። ሲልቫን ጎልድማን የተባለ የኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴ በ1937 ጋሪን ያስተዋወቀው ለክንዳችን ብቻ አዝኖ አይደለም። ሰዎች ቅርጫታቸው ሲከብዳቸው መግዛት እንደሚያቆሙ አይቶ ነው። ታጣፊ ወንበርን መነሻ አድርጎ ጎማና ሁለት ቅርጫት አስገጠመለት። ደንበኞቹ አሻፈረን አሉ። ወንዶቹ ደካማ መምሰል አልፈለጉም። ሴቶቹ የሕፃን ጋሪ የገፋነው ይበቃናል አሉ። ጎልድማን ሰው ቀጠረ። ተቀጣሪዎቹ እንደ ደንበኛ መስለው ጋሪ እየገፉ መደብሩ ውስጥ ዞሩ። ሌላው አያቸውና ተከተለ፤ እስካሁንም እየተከተልን ነው። ሳሙና ልትገዙ ገብታችሁ ጋሪ ከያዛችሁ ሳሙናዋ መሃል ላይ ብቻዋን ታፍራለች። ጓደኛ ታመጡላታላችሁ።

«ወተቱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡት እኛን ለማንከራተት ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ወተት የሚጫነውም የሚራገፈውም በቀዝቃዛ መኪናና በቀዝቃዛ ክፍል ነው። መኪናው የሚቆመው ደግሞ በጓሮ በኩል ነው። ብዙ ቦታ የወተት ማቀዝቀዣው ከጀርባው ተከፍቶ ነው የሚሞላው፤ አዲሱ ከኋላ ሲገባ የቆየው ወደ ፊት ይገፋል። ወተቱን በር ላይ ማድረግ ማለት በሰው መሃል እየገፉ ሙሉውን መደብር ማቋረጥ ነው።

በመንገዳችሁ ሌላ ነገር ብታነሱ ግን ባለቤቱ አይከፋውም። ይሄ የቆየ ሐሳብ ነው። ክላረንስ ሳውንደርስ በ1916 በሜምፊስ፣ ቴኔሲ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ከመክፈቱ በፊት ሻጩ ነበር ዕቃውን ከመደርደሪያ እያወረደ የሚሰጠው። ሳውንደርስ ደንበኛው ራሱ ያንሳ አለ። መግቢያውን በአንድ በኩል፣ መውጫውን በሌላ በኩል አደረገ። በመሃል ያለው መንገድ በዕቃዎቹ ሁሉ ፊት የሚጠማዘዝ አንድ መንገድ ነበር። መንከራተቱ ከራስ አገልግሎቱ ጋር አብሮ ነው የተወለደው።

«ዕቃውን የሚያዘዋውሩት ሆን ብለው ሊያደናግሩን ነው»

ያ ሁሌ የምታነሱት ነገር ከቦታው ጠፍቶ የእንስሳት ምግብ ተተክቶ ስታገኙት አጠገባችሁ ባለው ሠራተኛ ላይ አትጩኹ። ትልልቆቹ መደብሮች የመደርደሪያ ካርታ አላቸው፤ ፕላኖግራም ይሉታል። የትኛው ዕቃ በየትኛው ረድፍ፣ ስንት ሆኖ እንደሚቆም የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ ምርት ሲገባ፣ አሮጌው ሲወጣ፣ ወቅት ሲቀየር ካርታው ይቀየራል። ልጁ ማታ ሲያዘዋውር አድሮ ጠዋት እሱም እንደ እናንተው ይፈልጋል። ስትንከራተቱ አዲስ ነገር ማየታችሁ ለእነሱ ምርቃት ነው።

«ረድፉ ጫፍ ላይ የተከመረው ቅናሽ ነው»

እዚህ ጋ ነው መቆጣት የነበረብን፤ ግን ማንም ሲቆጣ አይታይም። ዕቃው እንደ ተራራ ተከምሯል። በላዩ ቢጫ ወይም ቀይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ጠጋ ብላችሁ አንብቡት፤ «ቅናሽ» የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል። ዋጋው ነው የተጻፈው፣ በቃ። ቀለሙን አይተን ቅናሹን የጨመርንበት እኛው ነን። ያ ቦታ ብዙ ጊዜ አምራቾች ገንዘብ ከፍለው የሚይዙት ነው። በዓይናችሁ ትይዩ ያለው መደርደሪያም እንዲሁ ተፈላጊ ቦታ ነው። የልጆች ዕቃ ደግሞ በልጅ ዓይን ልክ ዝቅ ይላል፤ ለቅሶው ከየት እንደሚጀምር ያውቃሉ። ርካሹን የፈለገ ሰው ጉልበቱን ማጠፍ አለበት።

«ትልቁ እሽግ ሁሌም ያዋጣል»

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ ሁሌም ግን አይደለም። ግማሽ ኪሎው 100 ሆኖ አንድ ኪሎው 210 የሚሆንበት ጊዜ አለ። ትንሹን ሁለቴ ብታነሱ 200 ነው። «የቤተሰብ መጠን» የሚለው ጽሑፍ ስለ መጠኑ እንጂ ስለ ዋጋው የሚናገረው ነገር የለም። መፍትሔው መደርደሪያው ላይ ባለችው ወረቀት ጥግ፣ በጉንዳን ዓይን ልክ የተጻፈችው የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ ናት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንድትጻፍ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ በግልጽ ትነበብ ቢልም፣ በትልቁ ትጻፍ ግን አይልም።

«የባርኮዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች የተመረተበትን አገር ይናገራሉ»

ይሄን መልእክት ያልላከላችሁ ዘመድ የለም። «በዚህ ቁጥር የሚጀምረውን እንዳትገዙ!» የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚያሳዩት ቁጥሩን የሰጠው የጂ.ኤስ.ዋን (የባርኮድ ቁጥሮችን የሚያድለው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ቅርንጫፍ የየት አገር እንደሆነ ነው። ኩባንያው አንድ አገር ተመዝግቦ ዕቃውን ሌላ አገር ሊያስመርት ይችላል። ባርኮድ ሲጀመርም ሥራው ሂሳብ ማፍጠን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐርማርኬት ውስጥ በማሽን የተነበበው ዕቃ በ1974 በትሮይ፣ ኦሃዮ የተሸጠ አንድ እሽግ ማስቲካ ነው። በነገራችን ላይ የጥርስ ሳሙናው ጫፍ ላይ ያለችው ባለቀለም ምልክትም ስለ ኬሚካል አታወራም። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ የት እንደሚቆርጥ የምታሳይ ናት።

«ሙዚቃው እንዳይደብረን ነው»

ሮናልድ ሚሊማን የተባለ ተመራማሪ በ1982 ባወጣው ጥናት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዝግ ያለና ፈጠን ያለ ሙዚቃ አወዳድሮ ነበር። ዝግ ያለው ሲከፈት ሰዎች ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ሽያጩ ከፈጣኑ በ38 በመቶ ገደማ በለጠ። የአንዱ መደብር ውጤት ለሁሉም ይሠራል ባይባልም፣ ጋሪ ተደግፋችሁ አብራችሁ ስታንጎራጉሩ ራሳችሁን ካገኛችሁት ዝርዝራችሁን አውጡ።

«ጓዳ ውስጥ አለ፣ ሊያወጡልን ሰንፈው ነው»

ሁላችንም ከዚያ በር ኋላ የጎደለው ነገር ሁሉ ተከምሮ የሚጠብቀን ይመስለናል። የዛሬ መደብር ግን መጋዘን የሚያህል ጓዳ መያዝ አይፈልግም፤ ቦታ ገንዘብ ነው። ዕቃው ቶሎ ቶሎ ይመጣና አብዛኛው ወዲያው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። «እስቲ ውስጥ እይልኝ» ስትሉት ልጁ እሺ ብሎ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ካርቶን፣ እግሩ የታመመ ጋሪና ሻይ እየጠጣ ያለ የሥራ ባልደረባውን ነው። ትንሽ ቆይቶ ይወጣና «አልቋል» ይላችኋል።