የፒተርቦሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ በከተማ ገንዘብ የቆመው የመጻሕፍት መደርደሪያ

ፒተርቦሮ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 6,400 ገደማ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ግን ስሟ አብሮ ይነሣል። በ1833 ነዋሪዎቿ ተሰብስበው ከከተማው ገንዘብ ላይ ቀነሱና ለሁሉም በነጻ መጽሐፍ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ፤ በሕዝብ ገንዘብ የቆመ የመጀመሪያው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ግን አብዛኛው እንደ ዕድር ነው የሚሠራው። መዋጮ የከፈለ ይዋሳል፣ ያልከፈለ አይዋስም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1731 ከወዳጆቹ ጋር ፊላደልፊያ ላይ የመሠረተው ዝነኛ ቤተ መጻሕፍትም እንደዚሁ ነበር። መግቢያው 40 ሺሊንግ፣ ከዚያ በየዓመቱ 10 ሺሊንግ። አቅም ላለው ሰው ትልቅ በረከት ነው። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ግን በሩን አልፋ አትገባም።

የፒተርቦሮ ገንዘብ ከየት መጣ? እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው። በ1816 የኒው ሃምፕሻየር ምክር ቤት ዳርትማውዝ የተባለውን የግል ኮሌጅ ወስዶ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርገው ሞከረ። ኮሌጁ ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1819 ኮሌጁ አሸነፈ። የምክር ቤቱ ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም። እንግዲያው የራሳችንን እንሥራ ብለው በ1821 በባንኮች ካፒታል ላይ የግማሽ በመቶ ግብር ጣሉ። የሚሰበሰበው ገንዘብ በተለየ ቋት ይቀመጥ ጀመር። ዓመታት አለፉ፣ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተሠራም። በ1828 ሐሳቡን ተዉትና ገንዘቡን ለየከተማው አከፋፈሉ። ሕጉ ገንዘቡ ለትምህርት ቤቶች እንዲውል፣ ወይም ለሌላ የትምህርት ዓላማ እንዲውል ፈቀደ።

አብዛኞቹ ከተሞች ድርሻቸውን ለትምህርት ቤት አዋሉት። ፒተርቦሮ «ወይም» የምትለዋን ቃል ያዘች።

እዚህ ላይ ስሙ የሚነሣው የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ አቢኤል አቦት ነው። ወደ ከተማዋ የመጣው በ1827፣ ዕድሜው ስድሳ ከተሻገረ በኋላ ነው። ቀደም ሲል በኮነቲከት በእምነት ልዩነት ምክንያት ከአገልግሎቱ ተሰናብቶ ነበር፤ ከዚያም በትምህርት ቤት ኃላፊነት ሠርቷል። መጽሐፍ በሰው ሁሉ እጅ መግባት አለበት የሚል ሰው ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1833 በተደረገው የከተማ ስብሰባ ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለመጻሕፍት መግዣ እንዲሆን ነዋሪው ወሰነ።

የከተማ ስብሰባ ሲባል ተራ ስብሰባ እንዳይመስለን። ኒው ኢንግላንድ በሚባለው በዚህ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ አካባቢ ባሉ ትናንሽ ከተሞች የመንገዱም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የድልድዩም በጀት የሚጸድቀው ነዋሪው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ተከራክሮ፣ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ብዙዎቹ ዛሬም እንዲህ ያደርጋሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ከመንገድና ከድልድይ እኩል የከተማው ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። የአንድ ደግ ሰው ስጦታ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲያልፍ አብሮት ሊያልፍ ይችል ነበር።

መጀመሪያ ላይ የራሱ ቤት አልነበረውም። መጻሕፍቱ የተደረደሩት ስሚዝና ቶምፕሰን በሚባል ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ የከተማው ፖስታ ቤትም ነበር። ሰው ደብዳቤውን ሊቀበል ወይም አስቤዛ ሊገዛ ይመጣል፣ በዚያው መጽሐፍ ተውሶ ይሄዳል። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ጥሩ ቦታ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚመላለስበት ነውና።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ማዕረግ የሚሻሙ ሌሎች ከተሞች አሉ። የማሳቹሴትሷ ፍራንክሊን ስሟን የወሰደችው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ደወል ግዛልን ብትለው፣ ከድምፅ ይልቅ አእምሮ ይሻላል ብሎ መጻሕፍት ላከላት። ነዋሪዎቹ በ1790 መጻሕፍቱን ያለ ክፍያ ለመዋስ ወሰኑ። 116 ነበሩ፤ እስካሁን በዚያች ከተማ ይታያሉ። የኮነቲከቷ ሳልስበሪ ደግሞ በ1803 ለልጆች የተሰጡ 150 መጻሕፍትን ተቀብላ፣ በ1810 ከራሷ 100 ዶላር ጨመረችላቸው። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ሆኖም መነሻቸው ስጦታ ነው። ከጅምሩ በሕዝብ ገንዘብ ቆሞ፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ሳይቋረጥ የዘለቀው የፒተርቦሮው ነው፤ ስለዚህ ማዕረጉ ለእርሷ ይገባል ባይ ነኝ።

ሐሳቡ ቀስ ብሎ ተስፋፋ። ኒው ሃምፕሻየር በ1849 ማንኛውም ከተማ ለቤተ መጻሕፍት ግብር እንዲሰበስብ ፈቀደች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ነበረች። እንግሊዝ በ1850፣ ማሳቹሴትስ በ1851 ተከተሉ። ትልቁ የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሩን የከፈተው በ1854 ነው፤ ከፒተርቦሮ 21 ዓመት ዘግይቶ። ኋላም ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በአሜሪካ ከ1,600 በላይ ቤተ መጻሕፍት ሲያሠራ ከየከተማው አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ለሕንፃው ከሚሰጠው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን ያህል በየዓመቱ ከራሳችሁ መድቡ። መጽሐፍ የሚገዛውና ሠራተኛ የሚቀጥረው ይህ ዓመታዊ በጀት ነውና፣ ሕንፃ ብቻውን የትም አያደርስም።

የፒተርቦሮ ቤተ መጻሕፍት የራሱን ሕንፃ ያገኘው በ1893 ነው፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ንድፉን ያወጣው ጆርጅ ሞሪሰን ሲሆን ከተማዋ ውስጥ የበጋ ቤት ነበረው። ሞሪሰን በሙያው ድልድይ ሠሪ መሐንዲስ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሜምፊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተጠናቀቀው ትልቅ የባቡር ድልድይ የእርሱ ሥራ ነው። ለትንሿ ከተማ ያወጣለት ግን ልከኛ የጡብ ሕንፃ ነው። በኮንቱኩክ ወንዝ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ድልድይ አጠገብ ቆሟል። በቅርብ ዓመታት ከጎኑ ሰፊ አዲስ ክፍል ሲሠራ የ1893ቱን ቤት አላፈረሱትም፤ አድሰው ከአዲሱ ጋር አያያዙት።