የኩዊን ባንድ፦ የሚወራው እና እውነታው

ስለ ብሪታንያው የሮክ ባንድ ስለ ኩዊን ከሚወራው ግማሹ የመጣው ከአንድ ፊልም ነው። በ2018 የወጣው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ራሚ ማሌክን ኦስካር አሸለመው፤ ኩዊን ሲባል ሰምቶ የማያውቀውን ልጅ ሁሉ አድናቂ አደረገው። ይህ ደግ ነው። ግን ፊልሙ ታሪኩን ለማሳመር ሲል ዓመታቱን እንደ ካርታ በውዟቸዋል፤ ተመልካቹም ያየውን እንደ ሰነድ ይጠቅሳል። ሌላው ግማሽ ከፊልሙም በፊት የኖረ ነው፦ ኩዊን ማለት ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ አጃቢዎች ናቸው የሚለው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ላይቭ ኤድ ተበታትኖ የነበረውን ባንድ መልሶ አገናኘ»

በፊልሙ ፍሬዲ ለብቻው አልበም ለመሥራት ጓደኞቹን ጥሎ ይሄዳል፤ ዓመታት በኩርፊያ ያልፋሉ፤ ከዚያ በኢትዮጵያ ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ በ1985 ለተዘጋጀው ለላይቭ ኤድ ኮንሰርት ሲባል ይታረቃሉ። ልምምድ ላይ ሳሉም የኤድስ በሽታ እንደያዘው ይነግራቸውና ይላቀሳሉ። ሲያዩት አንጀት ይበላል፤ ግን እንዲህ አልሆነም።

ባንዱ በፌብሩዋሪ 1984 «ዘ ዎርክስ» የተባለውን አልበም አውጥቶ ለኮንሰርት ሲዞር ነበር። በጃንዋሪ 1985 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተጫወተ። በሜይ ጃፓን ነበር። ላይቭ ኤድ የተካሄደው ጁላይ 13 ነው። ታዲያ መቼ ተበተኑና ነው የተገናኙት? ለብቻ መሥራቱንም ቢሆን የጀመረው ፍሬዲ አይደለም። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር በ1981 የራሱን አልበም አውጥቷል፤ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በ1983 ተከተለ፤ የፍሬዲ የመጣው በ1985 ነው። በሽታውን በተመለከተ ደግሞ እስከ መጨረሻው አብሮት የኖረው ጂም ሃተን እንደጻፈው ፍሬዲ ውጤቱን ያወቀው በ1987 ነው። ለሕዝብ ይፋ ያደረገው ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ሲሆን በማግስቱ በ45 ዓመቱ አረፈ።

ፊልሙ ትንፍሽ ያላለው እውነተኛ ቁስል ግን ነበር። በኦክቶበር 1984 ኩዊን በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ በሚባለው የመዝናኛ ከተማ ሄዶ ተጫወተ። የዓለም አርቲስቶች ማዕቀብ በጣሉበት ሰዓት ነው ይህን ያደረገው። የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር ቀጣቸው፤ ጋዜጦችም አልማሯቸውም። ላይቭ ኤድ ወደተካሄደበት የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም የገቡት ይህንን ስም ተሸክመው ነው። ለድራማ ከኩርፊያው ይልቅ ይህ አይበልጥም?

«ለኢትዮጵያ የተዘፈነውን የገና ዘፈን ኩዊንም ዘፍኗል»

አልዘፈነም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። እኛ የ77ቱ ድርቅ የምንለውን እልቂት በኦክቶበር 1984 ከኮረም ለዓለም ያሳየው የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። (አሚን ከ12 ዓመት በኋላ የሞተው በጠለፋ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው።) ዘገባውን ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የጊዜውን ዘፋኞች ሰብስቦ በኖቬምበር 1984 ባንድ ኤይድ በሚል ስም ነጠላ ዜማ አስቀዳ። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ከኩዊን አንድም ሰው አልነበረም። እነሱ የመጡት ከስምንት ወር በኋላ፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ለኮንሰርቱ ነው።

ፊልሙ ኩዊን መጫወት ሲጀምር የእርዳታ ስልኮቹ በአንዴ ሲያንቃጭሉ ያሳያል። እነ ፍሬዲ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ላይ ወጥተው ስድስት ዘፈን በ21 ደቂቃ ጨርሰው የቀኑን ዝና ጠቅልለው መሄዳቸው እውነት ነው። ስለ ዕለቱ የሚጽፉ ብዙዎች ግን ገንዘቡ የጎረፈው ከነሱ ቀጥሎ ከወጣው ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ በኋላ እንደሆነ ይናገራሉ። ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ሰርዞ በዚያ ሰዓት የካናዳው ሲቢሲ ቴሌቪዥን የቀረጸው የረኀቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ። በዚያ ፊልም ላይ ትሞታለች ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ሕፃን ብርሃን ወልዱ ተርፋ፣ አድጋ፣ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይቭ 8 በተባለው ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማለች።

«ፍሬዲ ሕንዳዊ ነው፣ አይ ኢራናዊ ነው፣ አይ ታንዛኒያዊ ነው»

ሁሉም ጫፉን ይዘዋል። ፋሮክ ቡልሳራ የተወለደው በ1946 ዛንዚባር፣ ስቶን ታውን ውስጥ ነው። ዛንዚባር ያኔ በብሪታንያ ጥበቃ ሥር የነበረች የሱልጣን አገር ናት፤ ታንዛኒያ የምትባል አገር የተፈጠረችው በ1964 ነው። ወላጆቹ ፓርሲ ናቸው፤ ማለትም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከፋርስ ተሰደው ሕንድ የገቡ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ዘር። አባቱ በቅኝ ገዢው መንግሥት መሥሪያ ቤት የገንዘብ ሠራተኛ ነበር። ልጁን ሕንድ ፓንችጋኒ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላከው፤ «ፍሬዲ» የሚለው ስም የወጣለትም፣ የመጀመሪያ ባንዱን ያቋቋመውም እዚያ ነው። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሸሽቶ ለንደን አጠገብ ፌልታም ገባ። ሲሞት የቀብር ሥርዓቱን የመሩት የዞራስተር ካህናት ናቸው።

«ዘፈኖቹን የጻፈው ፍሬዲ ነው»

ኩዊን ውስጥ አራቱም ይጽፋሉ። ያውም ለአልበም ማሟያ አይደለም፤ ዓለም ያወቃቸውን ዘፈኖች ነው። በየስታዲየሙ ተመልካቹ ሁለቴ እግሩን መትቶ አንዴ የሚያጨበጭብበት «ዊ ዊል ሮክ ዩ» የብራያን ሜይ ነው። በ1977 በስታፎርድ ከተማ ካሳዩት ዝግጅት በኋላ ሕዝቡ አልሄድ ብሎ የእግር ኳስ ደጋፊዎችን መዝሙር ሲዘምርላቸው ሜይ «ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል?» ብሎ አሰበ፤ መርገጥ፣ ማጨብጨብ፣ መዝፈን። በቀረጻው ላይ ከበሮ የለም። ስቱዲዮው ውስጥ ያገኙትን ሳንቃ ደርድረው እየረገጡ ቀዱት፤ ከዚያ ሜይ ድምፁን ደራርቦ እያንዳንዱን ቅጂ በጥቂቱ አዘገየው። የመዘግየቱን ልክ የመረጠው በብቸኛ ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉት) ነው፤ ድምፆቹ እንዳይገጣጠሙና የገደል ማሚቶ እንዳይመስሉ። በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች የሺዎች ድምፅ ያወጡት በዚህ ዘዴ ነው።

«አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ዝምተኛው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ጆን ዲከን የጻፈው ነው፤ በ1980 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። «ሬዲዮ ጋ ጋ» የሮጀር ቴይለር ነው፤ መነሻው ትንሹ ልጁ ሬዲዮ ሰምቶ የተናገራት የሕፃን ቃል ናት። ዌምብሌይ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ወደ ላይ እያነሣ የሚያጨበጭበው ለከበሮ መቺው ዘፈን ነው ማለት ነው። «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን»ን ብዙ ሰው ፍሬዲ ለራሱ የጻፈው መሰናበቻ ያደርገዋል፤ ግጥሙም ዜማውም በአብዛኛው የሜይ ነው። የፍሬዲ ድርሻ ታሞ፣ መቆም እያቃተው፣ ቮድካ ጠጥቶ መዝፈኑ ነው፤ እሱም አያንስም።

የሴት ልብስ ለብሰው የታዩበት «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ»ስ? ይህንን የፍሬዲ የግል ኑዛዜ አድርጎ የማያወራ የለም። ዘፈኑን የጻፈው ሚስትና ልጆች ያሉት ጆን ዲከን ነው። የልብሱ ሐሳብ የመጣው ከሮጀር ቴይለር በኩል ነው፤ ቀልዱም «ኮሮኔሽን ስትሪት» በሚባለው የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ ላይ ነበር። እንግሊዝ ሳቀ፤ አሜሪካ ግን ድራማውን ስለማያውቅ ፊቱን አዞረ።

«ቦሄሚያን ራፕሶዲ ላይ ያለው መዘምራን ነው»

መዘምራን የለም። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ፍሬዲ፣ ሜይና ቴይለር። በ1975 ዌልስ ሮክፊልድ በሚባል ስቱዲዮ የጀመሩትን ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ፣ ቴፑ ላይ ቦታ ሲያልቅ ወደ ሌላ መስመር እያሸጋገሩ እንደገና ይደርባሉ። ቴፑ ከመመላለሱ ብዛት ሽፋኑ ተልጦ ብርሃን ያሳልፍ እንደነበር ሜይ ይናገራል። ያ ጆሮ የሚሰነጥቀው ቀጭን «ጋሊሊዮ» የፍሬዲ ይመስላል፤ የቴይለር ነው። ዲከን እዚያ ቀረጻ ላይ አልዘፈነም።

ፊልሙ ላይ ዘፈኑ ረዘመ ብሎ አላወጣም የሚላቸው የኩባንያ ኃላፊ ሬይ ፎስተር ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ነው። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘፈን ሬዲዮ ላይ አይሄድም የሚል ስጋት ግን በእርግጥ ነበር። ስጋቱን ያፈረሰው የካፒታል ሬዲዮው ኬኒ ኤቨረት ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ 14 ጊዜ አጫወተው። ዘፈኑ ብሪታንያ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ፍሬዲ ሲሞት ደግሞ ተመልሶ አንደኛ ወጣ።

«ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ የሚያልቀው ኦፍ ዘ ወርልድ ብሎ ነው»

አልበሙን ክፈቱና እስከ መጨረሻው ስሙት። መሐሉ ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ የለም፤ ሙዚቃው እንደተንጠለጠለ ያበቃል። በመድረክ ላይ፣ ለምሳሌ በላይቭ ኤድ፣ ፍሬዲ ጨርሶታል፤ ጆሯችን የያዘው ያንን ሳይሆን አይቀርም።

«ፍሬዲ አራት ኦክታቭ ይዘፍን ነበር»

በ2016 ክርስቲያን ሄርብስት የተባለ ኦስትሪያዊ የድምፅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቀረጻዎቹን መርምረው ያገኙት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፁ 37 ሴሚቶን (ግማሽ የድምፅ እርከን) ነው፤ 12 ሴሚቶን አንድ ኦክታቭ ስለሆነ ሦስት ኦክታቭና ትንሽ። አራቱን ማረጋገጥ አልቻሉም። ያገኙት ሌላው ነገር ግን ከአራት ኦክታቭ ይልቅ ይገርማል። ፍሬዲ ሲያወራ ድምፁ ባሪቶን የሚባለው መካከለኛው የወንድ ድምፅ ነው፤ ሲዘፍን ቴኖር፣ ማለትም ከፍተኛው የወንድ ድምፅ ይሆናል። ድምፁን የሚያርገበግብበት ፍጥነት በሴኮንድ ሰባት ጊዜ ያህል ነው፤ ይህም ከተለመደው ይፈጥናል። የሚሻክረውን ድምፁን ምሥጢር ለማወቅ እሱን የሚመስል የሮክ ዘፋኝ ጉሮሮ በሴኮንድ ከ4000 በላይ ምስል በሚያነሣ ካሜራ ቀረጹ፤ ከዋናዎቹ የድምፅ ጅማቶች በላይ ያሉት፣ በተለመደው ዘፈን የማይሠሩት እጥፋቶች አብረው ሲንቀጠቀጡ ታዩ።

ከአፉ ወጣ ያሉት ጥርሶቹ ደግሞ ትርፍ ጥርሶች ከኋላ ስለገፏቸው ነው። ገንዘብ ካገኘ በኋላም ያላስነቀላቸው ድምፄ ይለወጣል ብሎ ፈርቶ ነው።

«ኩዊን ሲንተሳይዘር ነክቶ አያውቅም»

ሲንተሳይዘር ማለት ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ ነው። እስከ 1980 እውነት ነው፤ በአልበሞቻቸው ሽፋን ላይም እየጻፉ ይኩራሩበት ነበር። በ1980ው «ዘ ጌም» ተጠቀሙበት፤ ከዚያ በኋላ «ሬዲዮ ጋ ጋ» ያለ ሲንተሳይዘር ምን ሊቀረው?

«የፍሬዲ የመጨረሻ መድረክ ከኩዊን ጋር ላይቭ ኤድ ነበር»

አይደለም። በዓመቱ፣ በ1986፣ አውሮፓን በስታዲየም በስታዲየም ዞረዋል፤ ከብረት መጋረጃው ጀርባ፣ በኮሚኒስት አገር የነበረችው ቡዳፔስት ሳትቀር። የመጨረሻው ኦገስት 9 ቀን 1986 ኔብወርዝ ላይ ነው።

«የብራያን ሜይ ዶክትሬት የክብር ነው፤ ቴይለር የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዲከን ሞቷል»

የሜይ ዶክትሬት ተጠንቶ የተገኘ ነው። በፀሐይ ዙሪያ ስለሚዞረው ብናኝ እንቅስቃሴ በ1970 ኢምፔሪያል ኮሌጅ ጀምሮ፣ ባንዱ ሲነሣ በ1974 አቋርጦ፣ በ2007 ጨረሰው። ጊታሩንም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በእጁ የሠራው ነው። አንገቱ የአሮጌ ምድጃ ማስጌጫ እንጨት ነው፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ስፕሪንጎቹ ከሞተር ሳይክል የተፈቱ ናቸው፤ የድምፅ ማርገብገቢያው ዘንግ ጫፍ ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ የመጣ ነው። የሚመታው ደግሞ በስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው።

ቴይለር የጥርስ ሕክምና ጀምሮ ተወው፤ የተመረቀው በባዮሎጂ ነው።

ዲከን በሕይወት አለ። በኤሌክትሮኒክስ በማዕረግ የተመረቀ ሰው ነው። በ1972 ለንደን ውስጥ ከቆሻሻ ገንዳ ያነሣትን ሰርኪዩት በመደርደሪያ ስፒከር ሣጥን ውስጥ ገጥሞ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ የምትሠራ አምፕሊፋየር አበጀ፤ እንደ ቫዮሊንና ክላርኔት የሚሰሙት የሜይ ጊታሮች ብዙዎቹ በዚያች ሣጥን በኩል የተቀዱ ናቸው። ከባንዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ የታየው በጃንዋሪ 1997 ፓሪስ ውስጥ፣ ኤልተን ጆን ሲዘፍን ነው። በ2001 ባንዱ በአሜሪካ የሮክ የክብር መዝገብ ላይ ሲሰፍር እንኳ አልመጣም። የገንዘብ ጉዳይ ሲነሣ ግን አሁንም ይጠየቃል።