ባለመነጽር አፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃን ከአደን ወቅት በፊት ዜሮ ማስያዝ

አፈሙዝ ጎራሽ የሚባለው ባሩዱም ጥይቱም ከፊት በአፈሙዙ በኩል ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ ጠመንጃ ነው። ዜሮ ማስያዝ ማለት ደግሞ በተወሰነ ርቀት ጥይቱ የሚመታበት ነጥብ ከማነጣጠሪያ መነጽሩ መስቀል ጋር እንዲገጥም ማስተካከል ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ለዚህ መሣሪያ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ይሰጣሉ። ዛሬ በአዳኞች እጅ በብዛት የሚታየው ኢንላይን የሚሉት ዓይነት ነው፤ እሳቱ ከባሩዱ በስተኋላ ቀጥ ብሎ ይገባል። ይህን ዓይነት በሰፊው ያስተዋወቀው ቶኒ ናይት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ኤምኬ-85 ነው። የተለመደው ስፋት 50 ካሊበር ሲሆን ማቀጣጠያው 209 የተባለው የሾትገን ፕራይመር ነው።

በተራ ጠመንጃ ፋብሪካው ጥይቱን አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ተኳሹ መነጽሩን ብቻ ያስተካክላል። እዚህ ግን ጥይቱን በየተኩሱ የሚሠራው ተኳሹ ራሱ ነው። ስለዚህ በመነጽሩ ላይ ከሚሳበበው ስህተት አብዛኛው የአጎራረስ ስህተት ነው። የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ ጥይቱ፣ ሳቦት የሚባለው የፕላስቲክ ልባሱ፣ ፕራይመሩና የቱቦው ንጽሕና ካልተወሰኑ የመነጽሩን ቁልፍ ማዞር ጥይት ማባከን ነው።

ከተኩስ በፊት

መጀመሪያ የመነጽሩ ማቀፊያ ቀለበቶችና መቀመጫው ብሎኖች ይፈተሻሉ። የዚህ ጠመንጃ ግፊት ከባድ ስለሆነ የላላ ብሎን በጥቂት ተኩስ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ዓይን ከመነጽሩ ቢያንስ 3.5 ኢንች (9 ሳንቲሜትር ገደማ) መራቅ አለበት፤ ያለዚያ ቅንድብ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ጠመንጃው አለመጉረሱ ተረጋግጦ ብሪች ፕለግ የሚሉት የኋላ መዝጊያ ይፈታል። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ጸንቶ ይቀመጥና በባዶው ቱቦ ውስጥ 25 ያርድ ላይ ያለው ዒላማ ይታያል። ዒላማው በቱቦው መሐል እንዳለ የመነጽሩ መስቀል ወደዚያው ነጥብ ይመጣል። ይህ ዜሮ አይደለም፣ የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን እንዳይስት ብቻ ነው።

አጎራረስ

ከመጋዘን የወጣ ጠመንጃ ዘይት አለበት። ዘይቱ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ በዘንጉ ጫፍ እስከ ታች ይገባና ጠመንጃው ወደ ደኅና አቅጣጫ ዞሮ ባዶ ፕራይመር ይተኮሳል። ጨርቁ ሲወጣ መሐሉ ከጠቆረ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ወደፊት መሄድ አይገባም።

ባሩድ በመለኪያ ይሰፈራል እንጂ ከጣሳው በቀጥታ አይፈስም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ፍም ቢኖር ጣሳው በእጅ ላይ ይፈነዳል። ሰዎች የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር ግሬይን የሚባለው የባሩድና የጥይት መለኪያ ነው። ለዚህ ጠመንጃ ባሩድ የሚነገረው ግሬይን የስፍር እንጂ የሚዛን አይደለም፤ የጥይቱ ግን የሚዛን ነው። ብላክሆርን 209 የተባለው ባሩድ በስፍር 100 ግሬይን ሲሆን በሚዛን 70 ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ በሚዛን 100 የሞላ ሰው ከሚገባው በላይ አጉርሷል። ለአጋዘን 100 ግሬይን በስፍር ይበቃል። የብዙ ፋብሪካዎች ጣሪያ 150 ቢሆንም ተጨማሪው ባሩድ ብዙ ጊዜ ከፍጥነቱ ይልቅ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ግፊትና የጥይቶቹን መበታተን ይጨምራል። ለዘመናዊ ጥይት የሚውለው ጭስ አልባ ባሩድ፣ ጠመንጃው ለእሱ ታስቦ ካልተሠራ በቀር፣ ቱቦውን ይሰነጥቃል።

ጥይቱ በአጭር መግፊያ ከተጀመረ በኋላ በዘንጉ እኩል ኃይል እየተገፋ ባሩዱ ላይ ይቀመጣል። በዘንጉ እየደጋገሙ መደብደብ ልማድ ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ የጥይቱን ጫፍ ያጣምማል። በዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት መደረግ አለበት፦ አንዱ ቱቦው ባዶ ሲሆን፣ ሌላው በትክክል ሲጎርስ። ጥይቱ ከምልክቱ ከፍ ብሎ ከቆመና በባሩዱና በጥይቱ መካከል ክፍት ቦታ ከቀረ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ጊዜ የጎረሰ ጠመንጃም የሚታወቀው በዚሁ ምልክት ነው። ፕራይመሩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ተኩሱና ቁልፉ

ከዘይት የጸዳ ቱቦ የመጀመሪያ ጥይቱን ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ለይቶ ይጥላል፣ ስለዚህ አንድ ማቆሸሻ ተኩስ ሳይቆጠር ያልፋል። ከዚያ በ25 ያርድ 3 ጥይት ይተኮስና የሦስቱ መሐል ይለካል። አንድን ጥይት ተከትሎ ቁልፍ ማዞር የራስን መንቀጥቀጥ ማባረር ነው።

በአብዛኛው መነጽር አንድ ክሊክ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ቀጭ የሚልበት አንድ እርምጃ፣ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያዛውራል። በ25 ያርድ ግን አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብቻ ነው። የሦስቱ መሐል 2 ኢንች ዝቅ ብሎ 1.5 ኢንች ወደ ግራ ቢውል፣ 32 ክሊክ ወደ ላይ፣ 24 ክሊክ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው 8 ክሊክ አዙሮ «መነጽሩ አይሠራም» ይላል።

250 ግሬይን ጥይት በሰከንድ 1,800 ጫማ ገደማ ሲወጣ በ25 ያርድ መሐል ከመታ በ50 ያርድ 1 ኢንች ያህል ከፍ ይላል፣ በ100 ያርድ ወደ መሐል ይመለሳል፣ በ150 ያርድ ከ5 ኢንች በላይ ይወርዳል። ብዙ አዳኞች በ100 ያርድ 2 ኢንች ከፍ እንዲል ያደርጉታል፤ ያኔ በ150 ያርድ የሚወርደው ከ2 እስከ 3 ኢንች ይሆናል። እነዚህ ግምቶች ናቸው። በ100 እና አዳኙ ሊተኩስ ባሰበው የመጨረሻ ርቀት ላይ ወረቀት ሳይመቱ ወደ ጫካ መግባት አይገባም።

በየተኩሱ መካከል አንድ እርጥብ ጨርቅ በሁለቱም ገጽ፣ ቀጥሎ አንድ ደረቅ ጨርቅ ይገባል። በተለይ ትሪፕል ሰቨን የተባለው ባሩድ ጥይቱ በሚያርፍበት አካባቢ ጠንካራ የዝቃጭ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ቀጣዩን ጥይት ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ያኔ ምቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይበታተናል። ጨርቁ እርጥበቱ በዝቶ ከጨመቁት ጠብ የሚል ከሆነ ደግሞ ውሃው ወደ ብሪች ፕለጉ ወርዶ ተኩሱን ያከሽፋል። ቱቦው በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ሳቦቱ ይለሰልሳል፤ እስኪበርድ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። የከሸፈ ጠመንጃ ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል ቢያንስ 1 ደቂቃ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆያል።

ሕጉና ከዚያ በኋላ

መነጽር በሁሉም ግዛት አይፈቀድም። ኮሎራዶ በአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት መነጽርን፣ ሳቦትንና ተጨምቆ እንደ እንክብል የተሠራ ባሩድን ይከለክላል። በፔንሲልቬንያ ከገና በኋላ ያለው ወቅት ደግሞ ለባለባልጩት ጠመንጃ ብቻ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ማንበብ ይሻላል።

የባሩዱ ቅሪት ብረት ስለሚበላ ቱቦው በተተኮሰበት ዕለት በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠባል። ብላክሆርን ግን በውሃ ስለማይለቅ የራሱን ማጽጃ ይፈልጋል። የብሪች ፕለጉ ጥርሶች ቅባት ካልተቀቡ በወቅቱ ማብቂያ አይፈቱም። ከዚህ ጽዳት በኋላ ዘይት የተቀባው ጠመንጃ ዜሮውን ቢይዝም የመጀመሪያ ጥይቱን እንደገና ለይቶ ይጥላል። ስለዚህ አዳኙ በአደኑ ማለዳ በምን ዓይነት ቱቦ እንደሚተኩስ፣ በንጹሕ ወይስ በቆሸሸ፣ አስቀድሞ ወስኖ ዜሮውንም በዚያው ሁኔታ ይይዛል። በብርድ ወራት የጎረሰ ጠመንጃ ወደ ሞቀ ቤት ከገባ ቱቦው ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል፤ ፕራይመሩ ወጥቶ ማንም በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ተቆልፎ ያድራል።