«ፋይሉ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ኮሞዶር 64 ጌሞች የሚነገሩ ስህተቶች

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 1982 ነው። ማሽኑ ያረጀ ስለሆነ ጌም እምቢ ባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ፋይሉ ላይ ነው። «ተበላሽቷል፣ ሌላ አውርድ» ይባላል። ሰውየው ሌላ ያወርዳል፣ እሱም እምቢ ይለዋል፤ ሦስተኛ ያወርዳል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የማይገጥመው የተሠራለት መሣሪያና እኛ የምንጭንበት መሣሪያ ነው።

«የኤስዲ ካርድ መሣሪያው ፍሎፒ ድራይቩን ሙሉ በሙሉ ይተካል»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመውና ብዙ ሰው የሚያደክመው ይህ ነው። መሣሪያው ጌሞቹን ከዲስክ ይልቅ ከኤስዲ ካርድ ያነባል፤ ድራይቩን ግን አይተካም። ምክንያቱን ለመረዳት ድራይቩን ማወቅ ያስፈልጋል።

የ64ቱ ፍሎፒ ድራይቭ የሆነው ኮሞዶር 1541 ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው፤ ሆዱ ውስጥ የራሱ 6502 ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በአንድ የዳታ ሽቦ፣ ቢት በቢት ነው። ከ64 በፊት በነበረው የኮሞዶር ኮምፒውተር፣ በቪክ-20 ላይ ይህን ሥራ ሊሠራ የታሰበው ቺፕ እንከን ስለነበረበት መሐንዲሶቹ ሥራውን ለሶፍትዌር ሰጡት፤ 64ቱም ያንኑ ወረሰ። በዚያ ላይ ቪክ-ቱ የተባለው የስክሪን ቺፕ ጽሑፍ በሚታይበት ክፍል በየስምንተኛው መስመር ፕሮሰሰሩን 40 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሥራ ምት) ያህል ስለሚያስቆመው ንግግሩ ይበልጥ እንዲዘገይ ተደረገ። ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ላይ ቀረ። 50 ኪሎባይት ለመጫን ከሁለት ደቂቃ በላይ መጠበቅ ግድ ነው።

ጌም ሠሪዎች ይህን አልታገሡም። ድራይቩ ፕሮሰሰር ስላለው የራሳቸውን ፈጣን መጫኛ ጻፉለት። ጌሙ ሲነሳ መጀመሪያ ትንሽ ኮድ ወደ ድራይቩ ሚሞሪ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ድራይቩ የሚታዘዘው ለዚያ ኮድ ነው። ኤስዲ2አይኢሲ የሚባሉት ርካሽ መሣሪያዎች ደግሞ 6502 የላቸውም፣ አያስመስሉትምም። የተላከላቸውን ኮድ ማስኬድ ስለማይችሉ አሻራውን (ኮዱን ከሌላ የሚለይ ቁጥር) አስልተው ከሚያውቋቸው መጫኛዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ። ከተገኘ በራሳቸው መንገድ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ካልተገኘ ጌሙ እዚያው ይደርቃል።

ምልክቱ አያሳስትም፦ የዲስኩ ማውጫ በትክክል ይነበባል፣ የመጀመሪያው ፋይል ይጫናል፣ የመግቢያው ሥዕል ይመጣል፣ ከዚያ ቀጥ። እንዲህ ሲሆን ሌላ ፋይል አታውርዱ። ያላችሁን ፋይል ቫይስ በተባለው ኢሙሌተር (64ን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ሁለት ጊዜ አስነሱት፤ አንዴ ድራይቩን ከነፕሮሰሰሩ የሚያስመስለውን ምርጫ አብርታችሁ፣ አንዴ አጥፍታችሁ። ሲበራ ሠርቶ ሲጠፋ ካቆመ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደላችሁ ድራይቩ ነው። መፍትሔው እውነተኛ 1541 ነው፤ ወይም ፕሮሰሰሩን ጭምር የሚያስመስል እንደ ፓይ1541 ያለ መሣሪያ። ሁለቱም ከሌላችሁ፣ ጌሙ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ቅጂ ካለው እሱን ፈልጉ፤ አንዴ ከተጫነ ወደ ዲስክ ስለማይመለስ በርካሹም መሣሪያ ይሠራል።

«ዲ64 የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው»

ዲ64 የአንድን ፍሎፒ ዲስክ ይዘት የሚይዝ ፋይል ነው። መደበኛው 174,848 ባይት ነው፤ 35 ትራክ (በዲስኩ ላይ ያሉ ክብ መስመሮች)፣ 683 ሴክተር (የእነዚያ መስመሮች ቁራጮች)። የያዘው ከሴክተሮቹ የተነበበውን ዳታ ብቻ ነው። የቅጂ መከላከያው ግን የሚደበቀው በሴክተሮች መካከል ባለው ክፍተት፣ ሆን ተብለው በተጻፉ ስህተቶች ወይም ከ35ኛው ትራክ ወዲያ ነበር። መከላከያው ያልተነካ ጌም የምትፈልጉ ከሆነ ዲስኩን ከነአጻጻፉ የሚይዘውን ጂ64 ውሰዱ፤ ለዚህም ድራይቩን በሙሉ የሚያስመስል መሣሪያ ያስፈልጋል።

«64 ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ልዩነቱ የቴሌቪዥን ሥርዓቱ ነው። ለአውሮፓ የተሠራው ፓል ነው፦ 312 መስመር፣ በሰከንድ 50 ምስል፣ ለአንድ ምስል 19,656 ሳይክል። ለአሜሪካ የተሠራው ኤንቲኤስሲ ነው፦ 263 መስመር፣ በሰከንድ 60 ምስል፣ 17,095 ሳይክል። ለፓል የተጻፈ ጌም በእያንዳንዱ ምስል ያንን ሁሉ ሳይክል ከተጠቀመ፣ አሜሪካዊው ማሽን ላይ ጊዜ ያጥረዋል፤ ሥዕሉ ይርገበገባል ወይም ጌሙ ይቆማል። ሙዚቃውም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ ዋሽንግተን የገዛና ስቶክሆልም የገዛ ጓደኛሞች ፋይል ሲለዋወጡ አንዱ ጋ የሚሠራው ሌላው ጋ እምቢ ቢል አይግረማቸው። ከማውረዳችሁ በፊት ለየትኛው እንደተሠራ አንብቡ። ማሽኑን ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የምትልኩ ደግሞ፣ ኃይል ሰጪው ለ110 ቮልት ስለተሠራ 220 ላይ እንዳትሰኩት፤ ይቃጠላል።

«መብራቱ ከበራ ኃይል ሰጪው ደህና ነው»

በጣም አደገኛው ስህተት ይህ ነው። በሙጫ የተደፈነው የድሮው ኃይል ሰጪ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የ5 ቮልቱን መስመር ከፍ ያደርገዋል፤ መብራቱ እንደበራ ሚሞሪ ቺፖቹ ይሞታሉ። ጌም መሃል ላይ ያለምክንያት የሚቆመውም አንዳንዴ በዚህ ነው። በቮልት መለኪያ ለኩት፤ ሲነሳ አንዴ፣ ግማሽ ሰዓት ሞቆ እንደገና። ከ5.25 ካለፈ ወዲያውኑ ንቀሉት። አትጠግኑት፣ አዲስ ግዙ።

አጫጭሮቹ

«ስክሪኑ 38911 ባይት ስለሚል 64 ኪሎባይት ውሸት ነው»። 38911 ማሽኑ ውስጥ ላለው የፕሮግራም ቋንቋ ለቤዚክ የቀረው ብቻ ነው። በማሽን ቋንቋ የተጻፈ ጌም ቤዚክን ከላዩ ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ሚሞሪ ይጠቀማል።

«ሎድ (LOAD) ብዬ ካሴት ጠየቀኝ፣ ድራይቩ ተበላሽቷል»። የድራይቩ ቁጥር 8 ካልተጻፈ ማሽኑ ካሴት ነው የሚፈልገው። ሎድ"*",8,1 በሉት። የመጨረሻዋ 1 ፋይሉ ራሱ ባዘዘው የሚሞሪ ቦታ እንዲያርፍ ታደርጋለች።

«ማውጫውን ማየት ምንም አይነካም»። ሎድ"$",8 ማውጫውን የሚያመጣው እንደ ቤዚክ ፕሮግራም ነው፤ የጻፋችሁትን ይደመስሰዋል። አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ።

«ኤችዲ ፍሎፒ ይሻላል»። 1.2 ሜጋባይት የሚይዘው ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ለ1541 አይሆንም፤ ማግኔታዊ ሽፋኑ ጠንካራ የመጻፊያ ኃይል ስለሚፈልግ ዳታው አይያዝም። አነስ ያለ ዳታ የሚይዘውን ዲዲ ግዙ።

«ጆይስቲኩ ተበላሽቷል፣ ጌሙ አይታዘዝም»። አብዛኞቹ ጌሞች ጆይስቲክ የሚጠብቁት በወደብ 2 ነው። ወደብ 1 የኪቦርዱን መስመር ይጋራል። እዚያ የተሰካ ጆይስቲክ ወደ ላይ ሲገፋ ስክሪኑ ላይ 1 ይጽፋል፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ 2። ቁጥር ካያችሁ ማሽኑን አጥፉና ወደ ሌላው ወደብ አዛውሩት፤ ሳታጠፉ ከነካችሁት ግን የእጃችሁ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ከወደቡ ጀርባ ያለውን ቺፕ ሊገድል ይችላል።