ወታደራዊ መረጃ የሚተነትን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወታደራዊ መረጃን ለመተንተን በሚያገለግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ስለሚያፈሰው ገንዘብ በየጊዜው ይነገራል። ከሚነገረው ውስጥ ግን ብዙው መታረም የሚገባው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዘርፉ ከቻትጂፒቲ ወዲህ የመጣ ነው።»

በጥር 1954 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና አይቢኤም ከ60 በላይ የሩሲያኛ ዓረፍተ ነገሮችን በኮምፒዩተር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ኒው ዮርክ ላይ አሳይተው ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው 250 ቃላት ብቻ ቢሆንም፣ የሶቪየት ጽሑፎችን ፈጥነው ማንበብ የፈለጉ የጦርና የስለላ ተቋማት ምርምሩን ለዓመታት ደግፈዋል። በ1966 ምርምሩን እንዲገመግም የተቋቋመው፣ አልፓክ የተባለው ኮሚቴ የማሽን ትርጉም ከሰው ትርጉም የዘገየ፣ ስሕተት የበዛበትና ውድ መሆኑን ባስታወቀ ጊዜ ግን ድጋፉ በአብዛኛው ተቋረጠ።

«ዓላማው በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ መሥራት ነው።»

ከሚኒስቴሩ የዚህ ዘርፍ ሥራዎች ይበልጥ የታወቀው ፕሮጀክት ማቨን በሚያዝያ 2017 በምክትል መከላከያ ሚኒስትሩ በሮበርት ዎርክ ትእዛዝ ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ ድሮኖች የሚቀርጹትን ቪዲዮ መመርመርና በመጀመሪያው ዙር 38 ዓይነት ነገሮችን ለይቶ ማመልከት ነበር፤ ምክንያቱም የሚቀረጸው ምስል ተንታኞች ተቀምጠው አይተው ከሚጨርሱት እጅግ በልጦ ነበር። ይህ ማለት ግን ሥራው ከጥቃት ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም፤ ዒላማን መምታት የሚጀምረው ዒላማን ከማግኘት ነውና። በ2018 ከ3,000 በላይ የጉግል ሠራተኞች ተቃውሞ ፈርመው ኩባንያው ለማቨን የገባውን ውል እንዳያድስ ያደረጉትም ይህንኑ ትስስር ተመልክተው ነው፤ ሥጋታቸውም መሠረተ ቢስ አልነበረም።

«ገንዘቡ የሚውለው ለረቀቀ ስልተ ቀመር ነው።»

ዋናው ድካም ያለው ማሽኑ የሚማርባቸውን ምሳሌዎች በማዘጋጀት ላይ ነው። ኤክስቪው የተባለውና በ2018 ይፋ የሆነው የሳተላይት ምስሎች ስብስብ 1,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ በውስጡ 1 ሚሊዮን ገደማ ነገሮች በ60 ዓይነት ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል። ይህም አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በበረሃ ምስል የሠለጠነ ሞዴል (ከምሳሌዎች የተማረ ፕሮግራም) በረዶ በሸፈነው ጫካ ላይ ሊሳሳት ስለሚችል፣ መልክዓ ምድሩ፣ ካሜራው ወይም የጠላት መሸሸጊያ ዘዴ በተለወጠ ቁጥር ሥልጠናው ይደገማል። በነገራችን ላይ፣ በዜና የሚጠቀሰው የውል መጠን ብዙ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ሳይሆን ጣሪያ ነው። በ2025 አንትሮፒክ፣ ጉግል፣ ኦፕንኤአይና ኤክስኤአይ የተሰጣቸው ውልም እያንዳንዱ «እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር» የሚል ነበር።

«99 በመቶ ትክክል ከሆነ ይታመናል።»

ከሁሉም የሚጎዳው አሳሳች ሐሳብ ይህ ይመስለኛል። 1 ሚሊዮን ምስሎች አሉ እንበልና የሚሳይል ማስወንጨፊያ ያለው በ100ዎቹ ላይ ብቻ ይሁን። ሞዴሉ ማስወንጨፊያ ካለባቸው ከ100 ምስሎች 99ኙን ቢያገኝ፣ ከሌለባቸውም ከየ100ው አንዱን ብቻ በስሕተት ቢጠቁም፣ 99 እውነተኛና 9,999 ሐሰተኛ ጥቆማዎች ይደርሱናል። ስለዚህ ተንታኙ ፊት ከሚቀርቡት 100 ጥቆማዎች አንድ እንኳ እውነተኛ ላይሆን ይችላል። የሚፈለገው ነገር ብርቅ በሆነ መጠን ሐሰተኛው ጥቆማ እየበዛ ይሄዳል፤ ስለላ ደግሞ በባሕርዩ ብርቅ ነገር ፍለጋ ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ የትክክለኛነት መቶኛ ሲያቀርብ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሙከራው የተደረገው በምን ዓይነት ምስሎች ላይ እንደሆነና የሚፈለገው ነገር በእነርሱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ነው።

«መጨረሻ ላይ ሰው ስለሚያየው ችግር የለም።»

በጥድፊያ የሚሠራ ሰው ማሽኑ ያቀረበለትን ከመመርመር ይልቅ ማጽደቅ ይቀናዋል። ስለ መሣሪያዎች ራስ ገዝነት የሚደነግገው የመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ 3000.09ም የተጻፈው ለጦር መሣሪያ እንጂ ለትንተና ሶፍትዌር አይደለም። ለተንታኞች ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካ የስለላ ተቋማት የሚመሩበት መመሪያ 203 ሲሆን፣ የምንጩን አስተማማኝነትና የድምዳሜውን እርግጠኝነት መጠን በግልጽ መጻፍን ያዛል። ሞዴሉ ለምሳሌ «ተሽከርካሪ» ብሎ ካደረገው ምልክት ጎን የሚያሳየው 0.92 የሚል ቁጥር ይህን አይተካም፤ ነገሩ ሞዴሉ ከሠለጠነባቸው ምስሎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ቢጠቁም ነው እንጂ፣ ተሽከርካሪው ለምን እዚያ እንደቆመም ሆነ ለማታለያ የተቀመጠ ስለመሆኑ አይናገርም።